የትንሽ ባይኖኩላር ማንገቻ፦ እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይታሰራል?

ኪስ የሚገባ ባይኖኩላር የሚገዛ ሰው ስለ ሌንሱ ጥራትና ስለ ማጉላት አቅሙ ብዙ ይጠይቃል። ስለ ማንገቻው የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ዕቃው ቀላል ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ የመጣው ቀጭን ገመድ ይበቃዋል ተብሎ ይታለፋል። ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ያ ገመድ ማጅራትን መከርከር ሲጀምር ባይኖኩላሩ ከአንገት ይወርድና ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ወፏ ቅርንጫፉ ላይ ብቅ ስትል ዚፕ ለመክፈት ይታገላሉ፤ እሷ ግን አትጠብቅም። ቦርሳ ግርጌ የተቀበረ ባይኖኩላር ሌንሱ የቱንም ያህል ቢጠራ የሚያሳየው ነገር የለም። በሚያስፈልግበት ቅጽበት እጅ ላይ መገኘት አለመገኘቱን የሚወስነው ማንገቻው ነው፤ ይህን ያህል ቦታ የምሰጠውም ለዚህ ነው።

ስለ ማንገቻ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የታሰበው ለትልልቆቹ ባይኖኩላሮች ነው፦ ሰፊ ይሁን፣ ወፍራም ይሁን፣ ይለጠጥ ይላል። ያንን ምክር እንዳለ ወስዶ ለትንሹ መጠቀም አያዋጣም። በትንሹ ላይ ምርጫው የሚጀምረው ማንገቻው ከሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። የአንገት ምቾት ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

«ትንሽ» የሚባለው የትኛው ነው?

በባይኖኩላር አካል ላይ 8×25 ወይም 10×42 የሚመስል ጽሑፍ አለ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስንት ሚሊ ሜትር ስፋት እንዳለው ይናገራል። ሁለተኛው ቁጥር ከ20 እስከ 28 ባለው ውስጥ ከሆነ ዕቃው ከትናንሾቹ ወገን ነው፤ ክብደቱም በአብዛኛው ከ200 እስከ 400 ግራም ይሆናል። 42 የተጻፈበት ግን ብዙ ጊዜ ከ600 ግራም ያልፋል።

ከክብደቱ ሌላ ማንገቻ ሲመረጥ ሊታሰብበት የሚገባ ባሕርይ አለ፤ እሱም መታጠፉ ነው። ብዙዎቹ ትናንሽ ባይኖኩላሮች ሁለት ማጠፊያ ስላላቸው ቱቦዎቻቸው ወደ ውስጥ ተሰብስበው ሸሚዝ ኪስ ይገባሉ። ወፍራም ማንገቻ ከታሰረባቸው ማንገቻው ከባይኖኩላሩ የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ትንሽ ለመግዛት ያነሳሳው ምክንያት ራሱ ይጠፋል።

ቀላል ከሆነ ለምን ያማል?

ሰውነት ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ያረፈበትን ስፋትም ያስተውላል። ውኃ የሞላ ባልዲ በቀጭን የሽቦ እጀታው ሲነሳ ጣትን ይቆርጣል፤ እጀታው ላይ ጨርቅ ቢጠመጠምበት ውኃው ሳይቀንስ ሕመሙ ይቀንሳል። ማጅራት ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ገመድ የተንጠለጠለ ባይኖኩላር፣ ያው ባይኖኩላር በ30 ሚሊ ሜትር ማንገቻ ቢንጠለጠል ከሚኖረው ስድስት እጥፍ ገደማ የሚሆን ግፊት ቆዳ ላይ ያሳድራል። በቀጭን ገመድ የተንጠለጠለ 300 ግራም፣ በሰፊ ማንገቻ ከተንጠለጠለ 700 ግራም የበለጠ የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

እንቅስቃሴው ደግሞ አለ። በእያንዳንዱ እርምጃ ባይኖኩላሩ ትንሽ ይነሳና ይወርዳል፤ ገመዱም ቆዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ይፈገፈጋል። ላብ ሲጨመርበት ቆዳው ይለሰልስና ቶሎ ይላጣል። ክብ ገመድ ከጠፍጣፋው የከፋ ነው፤ ቆዳውን የሚነካው በጠባብ መስመር ብቻ ስለሆነ ከመጫን አልፎ ይንከባለላል።

ደግነቱ ማንገቻው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰፊ መሆን አያስፈልገውም። ማጅራትንና የአንገትን ጎን የሚነካው ክፍል ብቻ ጠፍጣፋና ሰፋ ያለ ቢሆን፣ ወደ ባይኖኩላሩ የሚወርዱት ሁለት ጫፎች የፈለጉትን ያህል ቢቀጥኑ ጉዳት የላቸውም። ለዚህ ክብደት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በላይ ያለው ስፋት ምቾት ሳይጨምር ሙቀትና ግዝፈት ያመጣል።

ከሁሉ በፊት ምን ይለካል?

ማንገቻው ከባይኖኩላሩ ጋር የሚገናኝባት ቀዳዳ ትለካለች። በገዙት ማንገቻ የሚበሳጩ ሰዎች አብዛኞቹ ይህን የዘለሉ ናቸው፤ ማንገቻው ግሩም ሆኖ ሳለ ቀዳዳው አያስገባውም።

ቀዳዳው በሦስት ዓይነት ይመጣል። አንደኛው ጠፍጣፋ ስንጥቅ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የናይለን ጥብጣብ ያስገባል፤ በትናንሾቹ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያም ይጠብባል። ሁለተኛው ትንሽ ክብ ቀዳዳ ወይም በቀጭን ዘንግ የተሸፈነ ጎድጓዳ ሲሆን ገመድ እንጂ ጥብጣብ አይቀበልም። ሦስተኛው በአንድ ጎን ብቻ ያለ ቀዳዳ ነው፤ ይህ የተሠራው በእጅ አንጓ ለሚጠለቅ አጭር ማንገቻ ነው።

ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ከወረቀት 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ይቁረጡና ሳይታጠፍ ማለፍ አለማለፉን ይሞክሩ። ካላለፈ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ያጥቡት። ወረቀት ስለ ውፍረት ምንም ስለማይናገር ቀጥሎ ጠፍጣፋ የጫማ ማሰሪያ ያስገቡ። የጫማ ማሰሪያው በቀላሉ ካለፈ ቀጭን ጥብጣብም ያልፋል፤ ከታነቀ ግን መፍትሔው ገመድ ነው።

ቀዳዳውን በሞረድ ወይም በመሰርሰሪያ ማስፋት ፈጽሞ አይታሰብ። ብዙ ባይኖኩላሮች ውኃና እርጥበት እንዳይገባባቸው ታሽገው ውስጣቸው በናይትሮጅን ጋዝ የተሞላ ነው። ያ እሽግ አንዴ ከተነካ ሌንሱ ከውስጥ በኩል ጉም ይቋጥራል፤ ከውጭ በመጥረግም አይጸዳም። ወፍራም ጥብጣብ በጉልበት ማስገባትም መልካም አይደለም፤ የስንጥቁ ጠርዝ ክሩን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

አንገት፣ ትከሻ ወይስ የእጅ አንጓ?

በአንገት የሚንጠለጠለው ለፈጣን ዕይታ የሚወዳደረው የለም። እጅ ወደ ደረት ይሄዳል፣ ባይኖኩላሩ ወደ ዓይን ይነሳል፤ በቃ። ችግሩ ጎንበስ ሲባል ነው፤ ዕቃው ወደ ፊት ይወዛወዝና ድንጋይ ወይም ጠረጴዛ ይመታል።

ከትከሻ ወደ ተቃራኒው ጎን የሚታነገተው ክብደቱን ከአንገት ያወርዳል፤ ባይኖኩላሩም ከብብት በታች ጎን ላይ ይቀመጣል። ቀኑን ሙሉ ለሚጓዝ ሰው ከሁሉ የሚመቸው ይህ ነው እላለሁ። ሁለቱ አነጋገቶች ግን የሚፈልጉት ቁስ ተቃራኒ ነው። በአንገት ላይ ያለው ማንገቻ እንዳይንሸራተት ሸካራ ቢሆን ይመረጣል። ጎን ላይ የታነገተው ደግሞ ባይኖኩላሩ ወደ ዓይን ሲነሳ ልብስ ላይ መንሸራተት አለበት፤ ሸካራ ከሆነ ሸሚዙን ይዞ ይጎትታል፤ ባይኖኩላሩም ከዓይን በታች ይቀራል። በሁለቱም መንገድ መልበስ የሚፈልግ ሰው ለስላሳና ጠፍጣፋ የሆነውን ይምረጥ።

የእጅ አንጓ ማንገቻ የሚያገለግለው ባይኖኩላሩን ኪስ ውስጥ አስቀምጦ አልፎ አልፎ ለሚያወጣ ሰው ነው። ከመውደቅ ያድናል፤ እጅን ግን ለሌላ ሥራ ነጻ አያደርግም። በሁለቱም ትከሻ የሚለበስና ጀርባ ላይ የሚጠላለፍ ማንገቻም አለ፤ የተፈጠረው ለከባዶቹ ስለሆነ የአንገት ሕመም ላለበት ሰው ካልሆነ በቀር ለትንሽ ባይኖኩላር ከሚሰጠው ጥቅም የማጥለቁና የማውለቁ ጣጣ ይበልጣል።

ርዝመቱ ስንት ይሁን?

በአንገት ለሚንጠለጠል፣ ባይኖኩላሩ ደረት ላይ፣ ከሆድ ከፍ ብሎ ማረፍ አለበት። ሆድ ላይ ከደረሰ በእያንዳንዱ እርምጃ ይመታል፤ ጎንበስ ሲሉም የሚወዛወዝበት ርቀት ይረዝማል። በጣም ካጠረ ደግሞ ባርኔጣ ባደረገ ራስ ላይ አይጠልቅም፤ ዓይን ላይ ሲደርስም አገጭ ስር ይጨማደዳል። ለአብዛኛው አዋቂ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ 1 ሜትር ገደማ ይበቃል። በትከሻ ለሚታነገት ከ120 እስከ 140 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል።

የሰው ቁመትና የትከሻ ስፋት ግን ይለያያል፤ ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ሙከራውን እመክራለሁ። ተራ ሲባጎ ሁለቱ ቀዳዳዎች ላይ ለጊዜው ይሰሩ፤ የሚለብሱትን ወፍራም ጃኬት ይልበሱ፤ ባርኔጣ የሚያደርጉ ከሆነም ያድርጉት። አልጋ አጠገብ ቆመው ባይኖኩላሩን ያንጠልጥሉ፣ ወደ ዓይን ያንሱ፣ ጎንበስ ይበሉ፣ ከራስዎ ላይ ያውልቁ። ሲባጎው የተስማማበት ርዝመት የማንገቻዎ ርዝመት ነው።

ከምን የተሠራ ይሻላል?

ናይለን ጠንካራና ቀላል ነው፤ ውኃ ሲነካው ትንሽ ይረዝማል። ፖሊስተር ውኃም ሆነ ፀሐይ ብዙም አይለውጠውም፤ ለዚህ ሥራ እኔ የማስቀድመው እሱን ነው። ጥጥ ለቆዳ የሚመች ቢሆንም ላብ ይመጥጣል፤ ለመድረቅም ጊዜ ይወስዳል። ከቆዳ የተሠራ ማንገቻ ያምራል፤ ሲረጥብ ግን ቀለሙ ልብስ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ኒዮፕሪን የሚባለው ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጎማ በ1930 የተፈለሰፈ ሲሆን ለጠላቂዎች ልብስ የሚውለው ዓይነት ነው። ለከባድ ባይኖኩላር ክብደቱን ያለዝባል። በትንሹ ላይ ግን መለጠጡ ዕቃውን በየእርምጃው ያዘልለዋል፤ አየር ስለማያሳልፍም ማጅራትን ያሞቃል። ትንሽ ባይኖኩላር የሚለጠጥ ማንገቻ አያስፈልገውም።

በዘለበት የሚታሰረው ጥብጣብ እንዴት ይገባል?

ቀዳዳው ጥብጣብ የሚያስገባ ከሆነ ማንገቻው የሚያዘው በዘለበት ነው፤ ሁለት ስንጥቅና በመካከላቸው አንድ አሞሌ (አግዳሚ ዘንግ) ያለው ትንሽ ፕላስቲክ ማለት ነው። ከእሱ ጋር ብዙ ጊዜ ሁለቱን የጥብጣብ ንብብሮች አቅፎ የሚይዝ ትንሽ ቀለበት ይመጣል። ዘለበቱ ጥርስም ስፕሪንግም የለውም። የሚይዘው በሰበቃ ብቻ ስለሆነ ጥብጣቡ የሚያልፍበት መንገድ ሁሉን ይወስናል።

ባይኖኩላሩን ሌንሱ እንደተከደነ ለስላሳ ጨርቅ ላይ፣ የዓይኑ በኩል ወደ ላይ እንዲሆን ያስቀምጡ። ማንገቻውን ዘርግተው አለመጠማዘዙን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በጣትዎ ይከተሉ። የዓይን ሌንሱን ከዝናብ የሚከድን ጎማ አብሮ ከመጣና ጎኑ ላይ ማንገቻ ማሳለፊያ ካለው፣ ከሁሉ በፊት እሱን ጥብጣቡ ላይ ያስገቡ፤ በኋላ ከተረሳ ሁሉንም መፍታት ነው። በአንድ ጎን ብቻ ቢያስገቡት ክዳኑ ሲከፈት ወደ ጎን ወርዶ ይንጠለጠላል፤ ለፈጣን ዕይታ ይህ ይሻላል።

አሁን የጥብጣቡን ጫፍ በማቀፊያው ቀለበት ያሳልፉና በባይኖኩላሩ ቀዳዳ ከታች ወደ ላይ ያውጡት። መልሰው በዚያው ቀለበት ያሳልፉት። ቀጥሎ ዘለበቱ ላይ አስቀድሞ የተጠመጠመውን ዋናውን ጥብጣብ ትንሽ ላላ ያድርጉትና ጫፉን ከእሱ ስር ያስገቡ፤ በአንዱ ስንጥቅ ወጥቶ፣ በአሞሌው ላይ ተሻግሮ፣ በሌላው ስንጥቅ ይውረድ። ሲጠናቀቅ አሞሌው ላይ ሁለት ንብብር ጥብጣብ ይኖራል፦ ከስር ጫፉ፣ ከላይ ዋናው።

ጫፉ ከስር እንዲሆን የሚደረገው ለመልክ ብቻ አይደለም። ባይኖኩላሩ ወደ ታች ሲስብ ዋናው ጥብጣብ ይወጠርና ከስሩ ያለውን ጫፍ አሞሌው ላይ ይጫነዋል። ክብደቱ በጨመረ ቁጥር መያዣው ይጠብቃል። ጫፉ ከላይ ከሆነ ግን የሚጫነው ነገር ስለሌለ በእንቅስቃሴ ብዛት ቀስ እያለ ያፈተልካል፤ ያ የሚታወቀውም ባይኖኩላሩ መሬት ላይ ሲወድቅ ነው። ከዘለበቱ ያለፈው ጫፍ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የተረፈውንም በሁለቱ ንብብሮች መካከል ይሰውሩት።

ሁለቱም ጎኖች ከታሰሩ በኋላ ትራስ ወይም ፍራሽ በላይ ሆነው ማንገቻውን በአንድ እጅ፣ ባይኖኩላሩን በሌላው ይዘው ጠንከር አድርገው ይሳቡ። በመቀጠል ጥብጣቡ ከዘለበቱ በሚወጣበት ቦታ በእስክሪብቶ ቀጭን መስመር ያስምሩ። ጥቂት ቀን ተጠቅመው ሲመለከቱት መስመሩ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ጥብጣቡ እየተንሸራተተ ነው፤ ወይ በተሳሳተ መንገድ ገብቷል ወይ ለዘለበቱ ቀጥኗል።

ቀዳዳው ለጥብጣብ ከጠበበስ?

ይህ በትናንሾቹ ላይ የተለመደ ነው፤ መፍትሔውም ከጥብጣቡ ይልቅ ያስደስታል። ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የናይለን ወይም የፖሊስተር ገመድ ሁለት ትናንሽ ዙሮች ይሠሩና ሰፊው ማንገቻ ከእነሱ ጋር ይያያዛል። ቀጭኑ ገመድ ቀዳዳውን ያልፋል፣ ሰፊው ክፍል አንገት ላይ ያርፋል፤ ሁለቱም የሚፈልጉትን ያገኛሉ።

ዙሩን ለመሥራት የገመዱን ሁለት ጫፎች ፊት ለፊት አገናኝተው ጎን ለጎን ያስተኙ። አንዱን ጫፍ በሌላው ገመድ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው በራሱ ጥቅል ውስጥ ያሳልፉና ያጥብቁ። ሌላውንም እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ ሁለቱን ወገን ሲስቡ ሁለቱ ቋጠሮዎች ተንሸራተው ይገናኛሉ፤ በተሳቡ ቁጥርም ይጠነክራሉ። የተረፈውን ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው ይቁረጡና በላይተር ጫፉን ብቻ ያቅልጡት፤ እሳቱ ከባይኖኩላሩ ራቅ ብሎ ይሁን። የጥጥ ገመድ ስለሚቃጠል እንጂ ስለማይቀልጥ ለዚህ አይሆንም።

ዙሩ ቀዳዳው ላይ የሚታሰረው በሸምቀቆ ነው። የዙሩን አንድ ወገን በቀዳዳው ያሳልፉ፣ የቀረውን ወገን በእሱ ውስጥ ያስገቡና ይሳቡ። ቋጠሮው ቀዳዳው ጠርዝ ላይ እንዳያርፍ ወደ ጎን ያዙሩት። ገመዱ አልገባ ካለ ቀጭን የስፌት ክር አጥፈው በቀዳዳው ያሳልፉ፣ ገመዱን በክሩ እጥፋት ውስጥ ያስገቡና በክሩ ይጎትቱት። ወረንጦም ይረዳል፤ ሹል ብረት ግን ወደ ሌንሱ ሊያመልጥ ስለሚችል ይቅር። ዙሩ ከታሰረ በኋላ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢረዝም ይበቃል።

ብዙ ሰዎች በገመድ ፋንታ የቁልፍ መያዣ የብረት ቀለበት ያስገባሉ። እኔ አልመክረውም። ብረቱ ከባይኖኩላሩ አካል የጠነከረ ስለሆነ ቀዳዳውን ይፍቀዋል፣ ቱቦውን ይጭረዋል፤ ሲራመዱም የሚያሰማው ድምፅ ለማየት የሄዱበትን እንስሳ ያባርራል።

ማንገቻው ከታሰረ በኋላ ባይኖኩላሩን ሙሉ በሙሉ አጥፈው፣ ከዚያ ለዓይንዎ በሚመች ስፋት ከፍተው ያረጋግጡ። ገመዱ በቱቦዎቹ መካከል ከታነቀ ወይም የዓይን ሌንሱ ፊት ላይ ከወደቀ ዙሩ ረዝሟል።

ቶሎ የሚፈታ መቆለፊያ ያስፈልጋል?

ባይኖኩላሩን አንዳንዴ በአንገት፣ አንዳንዴ በኪስ ለሚይዝ ሰው በጣም ይጠቅማል። ጠቅ ብሎ የሚገጥም ትንሽ የፕላስቲክ መቆለፊያ በሁለቱ ጎኖች ከተደረገ ሰፊው ማንገቻ ወልቆ ቀጫጭን ዙሮቹ ብቻ ይቀራሉ፤ የእጅ አንጓ ማንገቻም በዚያው ይገጠማል። መቆለፊያው ከዓይን ሌንሱ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ ቀዳዳው አጠገብ ከሆነ የባይኖኩላሩን አካል እየመታ ይቆያል፣ ዓይን ላይ ሲደርስም ጉንጭን ይነካል።

ለልጆችስ?

እዚህ ላይ ምቾት ሁለተኛ ነው። አንገት ላይ የተንጠለጠለ የማይበጠስ ገመድ ቅርንጫፍ ወይም መወጣጫ ሲይዘው ልጅን ሊያንቅ ይችላል። ለልጅ የሚሰጠው ማንገቻ ማጅራት በኩል ጠንከር ሲሳብ በራሱ የሚለቅ ማያያዣ ያለው መሆን አለበት። ማያያዣው አንዳንዴ ያለ ቦታው ለቅቆ ባይኖኩላሩ ይወድቃል፤ ያንን አምኖ መቀበል ነው። ልጁ ሊወጣጣ፣ ሊሮጥ ወይም ብስክሌት ሊነዳ ሲል ደግሞ ማንገቻው ከአንገቱ ይውለቅ። በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ የሚሠራ አዋቂም እንዲሁ።

መቼ ይቀየራል?

ማንገቻ ቀድሞ የሚያልቀው በማይታየው ቦታ ነው፦ ቀዳዳው ውስጥ ታጥፎ ባለው ክፍልና በዘለበቱ አሞሌ ላይ። በየጥቂት ወሩ ጥብጣቡን ወይም ዙሩን ትንሽ ላላ አድርገው እነዚያን እጥፋቶች በብርሃን ይመልከቱ። ክሮቹ ጸጉር ማውጣት ከጀመሩ፣ ገመዱ በአንድ ቦታ ከሳሳ ወይም ከደረቀ፣ ዘለበቱ ላይ ነጭ የስንጥቅ መስመር ከታየ ይቀየር። ላብ የያዘው ማንገቻ ከባይኖኩላሩ ተፈትቶ በለብታ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። መልሶ ሲታሰርም በትራሱ ላይ የተደረገው የመሳብ ሙከራ እንደገና ይደረግ።